ሸረሪትና የሕዝብ መጸዳጃ ቤት፤ የአንድ ፍርሃት ታሪክ

በመርካቶ ገበያ ከምናለሽ ተራ እስከ አውቶቡስ ተራ የሚመላለስ ሰው ከሚጠነቀቅባቸው ነገሮች መካከል ኪስ አውላቂና ከኋላ የሚመጣ የተሸካሚ ሸክም ግንባር ቀደሞች ናቸው። ሦስተኛው ፍርሃት ግን እምብዛም አይነገርም፤ ቢነገርም እየተሳቀ ነው። ይኸውም የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ፍርሃት ነው። ጨለማው፣ ሽታውና የወለሉ እርጥበት ለየብቻቸው በቂ ምክንያት ሆነው ሳለ፣ ብዙ ሰው፣ በተለይም ልጅ ይዛ የምትገባ እናት፣ ከሁሉ አስቀድማ ቀና ብላ የምትመለከተው የግድግዳውን ማዕዘን ነው። ሸረሪት ትኖር እንደሆነ ለማየት ነው።

መሐንዲስ ይህን የመሰለ ነገር ሲሰማ ፈገግ ብሎ ወደ ሶሌታው ውፍረትና ወደ ጉድጓዱ ጥልቀት መመለሱ የተለመደ ነው። የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት ስለ ከተማ ንጽሕና ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ ግን በበኩሌ ከዚሁ ከሚናቀው ነገር መነሣትን መረጥሁ። ምክንያቱም መርዘኛ ሸረሪት በሽንት ቤት ተደብቃ ሰው ትነክሳለች የሚለው ወሬ ተረት ብቻ አይደለም። በአንድ ዘመንና በአንድ ዓይነት አሠራር እውነት ነበር፤ አሠራሩ ሲለወጥ ቀረ፤ ከቀረም በኋላ ውሸት ሆኖ ተመለሰ። ለሙያችን የሚጠቅመው እውነት የነበረበትን ምክንያት ማወቅ ነው፤ ምክንያቱ ከሸረሪቷ ጠባይ ይልቅ በሽንት ቤቱ ንድፍ ውስጥ ይገኛልና።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አብዛኛው የአሜሪካ ገጠርና አነስተኛ ከተማ የሚጠቀመው ከመኖሪያ ቤት ጀርባ በሳንቃ በተሠራ ሽንት ቤት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በላዩ የሣጥን ቅርጽ ያለው የእንጨት መቀመጫ ይደረጋል፤ በመቀመጫውም ላይ ክብ ቀዳዳ ይወጣል። ጉድጓዱ ዝንብ ያራባል፤ ዝንብ ባለበትም ሸረሪት አይጠፋም። ‹ጥቁር መበለት› እየተባለች የምትጠራው፣ በሆዷ ሥር የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ቀይ ምልክት ያላት ሸረሪት ደግሞ የምትወደው ጨለማ የሆነውን፣ ከዝናብ የተጠለለውንና ሰው የማይነካካውን ሥፍራ ነው። ከመቀመጫው ሳንቃ በታች ያለው ባዶ ቦታ ለእርስዋ ተብሎ የታነጸ ያህል ነበር። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝንብ ወደ ብርሃን የሚያልፈው በዚያችው በአንዲቱ ቀዳዳ በመሆኑም ድሯን የምትዘረጋው ከቀዳዳዋ ሥር ነው። የሚቀመጠው ሰው ገላ ድሩን በነካ ጊዜ ሸረሪቷ ሲሳይ የተያዘላት መስሏት ትሮጣለች፤ ትነክሳለችም።

የሎስ አንጀለስ ሐኪም የነበረው ኤሚል ቦገን እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ ሸረሪት መርዝ ባወጣው ጥናት፣ ከተነካሾቹ ብዙዎቹ ወንዶች መሆናቸውንና አደጋው የደረሰባቸውም ከቤት ውጭ በሚገኝ ሽንት ቤት መሆኑን አመልክቷል። ወንዶች የበዙበትን ምክንያት ለአንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም፤ የመቀመጫውን ቅርጽ ያሰበ ሰው ይረዳዋል። ሕመሙ ከተነከሰው ቦታ ተነሥቶ ወደ ሆድ ይሸጋገራል፤ የሆድ ጡንቻም እንደ ሳንቃ ይደርቃል። ከዚህም የተነሣ የትርፍ አንጀት በሽታ ነው ብለው በሽተኛውን ለቀዶ ሕክምና ያጋደሙ ሐኪሞች ነበሩ። በሽተኛው ስለ ሽንት ቤቱ ለመናገር ባፈረ መጠን የሐኪሙ ስሕተት ይጨምር ነበር ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

በዚያን ጊዜ የሸረሪቷን አደገኛነት የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ጥቂቶች አልነበሩም። ጥርጣሬውን ለመቍረጥ ሁለት ሰዎች ገላቸውን ሰጥተዋል። የአርካንሳሱ የነፍሳት ሊቅ ዊልያም ቤርግ እ.ኤ.አ. በ1922 ሆን ብሎ ተነከሰ። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር የነበረው አለን ብሌር ደግሞ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1933 ሸረሪቷን በጣቱ ላይ አኑሮ አስነከሰ፤ በሆስፒታል ተኝቶ ሲሰቃይም የልቡን ምት በኤሌክትሮካርዲዮግራም አስመዘገበ፤ ያየውንም በሚቀጥለው ዓመት አሳተመ። ከዚያ በኋላ የሸረሪቷ መርዝ ያን ሁሉ ሥቃይ ማምጣት አለማምጣቱ አከራካሪ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። እንዲህ ያለውን ድፍረት ከሳይንስ ይልቅ ከጀብዱ የሚቈጥረው ይኖር ይሆናል፤ በእኔ አስተያየት ግን የሰውን ሕመም ‹ወሬ ነው› ብሎ ከመተው ይሻላል።

ታዲያ አደጋውን የቀነሰው ሐኪም ብቻ አልነበረም። በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ፈቶችን ለማሠራት ካወጣቸው ዕቅዶች አንዱ የገጠር ሽንት ቤት መሥራት ነበር። በዚህም ከ2 ሚሊዮን በላይ ንጽሕናቸው የተጠበቀ ሽንት ቤቶች ተሠሩ፤ የኮንክሪት ወለል፣ ዝንብ የማያስገባ መቀመጫና የሚገጠም ክዳን ነበራቸው። ዋናው ዓላማ የመንጠቆ ትልንና የአንጀት ተስቦን መከላከል ነበር፤ ሆኖም ዝንብ ሲከለከል የሸረሪቷም ማዕድ አብሮ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1940 በተደረገው ቆጠራ 45 በመቶ ያህሉ የአሜሪካ መኖሪያ ቤት የተሟላ የውሃና የፍሳሽ መስመር አልነበረውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መስመሩ ወደ ገጠሩ ሲዘልቅ በሽንት ቤት የሚደርሰው ንክሻ ከሐኪሞች መዝገብ ውስጥ እየሳሳ ሄደ። ሸረሪቷ ግን አልጠፋችም። ዛሬም በእንጨት ክምርና በዕቃ ቤት ውስጥ አለች።

በአውስትራልያም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። እዚያ ያለችው የጥቁር መበለት ዘመድ ጀርባዋ ላይ ቀይ መስመር ያላት ናት፤ ከቤት ውጭ ባለው ሽንት ቤት መቀመጫ ሥር መደበቋም በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የታወቀ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1972 ስሊም ኒውተን የተባለ ዘፋኝ በዚሁ ጉዳይ ያወጣው ቀልደኛ ዘፈን አገር ምድሩን አዳርሷል። የመርዙ ማርከሻ በ1956 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ስለዋለ ሞት እጅግ ብርቅ ሆኗል።

እንግዲህ ውሸቱ የመጣው እውነቱ ካለፈ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በኤሌክትሮኒክ መልእክት አንድ ማስጠንቀቂያ ከሰው ወደ ሰው ተሠራጨ። በቺካጎ ከተማ በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ በሚገኙ የምግብ ቤት መጸዳጃዎች፣ ከመቀመጫ ሥር የተደበቀች ከደቡብ አሜሪካ የመጣች ሸረሪት ሴቶችን ነክሳ ገደለች የሚል ነበር። ለሸረሪቷ የተሰጠው ‹ሳይንሳዊ› ስም በላቲን መቀመጫን የሚያስታውስ ቀልድ ነው፤ ጥናቱን አወጣ የተባለው የሕክምና መጽሔትም በዓለም ላይ የለም። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ያው ወሬ የሸረሪቷን ስም ለውጦ ብቅ አለ፤ በዚህኛው ጊዜ የተወነጀለችው በእስያ የምትገኝና ሰውን የማትጎዳ አንዲት ዘላይ ሸረሪት ናት። ወሬውን ያቀናበረው ሰው አንድ ነገር በሚገባ ያውቅ ነበር፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው በሳንቃ ሽንት ቤት ያዩትን ፍርሃት የልጅ ልጆቹ ነጭ ሸክላና የሚፈስ ውሃ ባለበት ክፍል ውስጥ እንኳ አልረሱትም። በእነዚህ የውሃ መጸዳጃዎች ግን የውሃው ሲፎን ዝንብን ከጉድጓድ ስለሚለየው ሸረሪቷን ወደ መቀመጫው ሥር የሚጠራት ነገር የለም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የሸዋ ሸረሪቶች በሳይንስ መዝገብ የገቡት አዲስ አበባ ከመቈርቈሯ በፊት ነው። ንጉሥ ምኒልክ ለኢጣልያዊው ተጓዥ ለማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ሥፍራ ሰጥተውት ነበር። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሲሞት፣ በጉዞው የተሰበሰቡትን ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸውን ፒዬትሮ ፓቬዚ የተባለው ሊቅ መርምሮ በ1883 የሸዋ መንግሥት ዝርያዎች ብሎ አሳተመ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1875 ጀርመናዊው ሉድቪግ ኮኅ ከግብጽና ከሐበሻ ምድር የተገኙትን ገልጾ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ደግሞ ፈረንሳዊው ዩጂን ሲሞን ከባሮን ሞሪስ ደ ሮትሺልድ የኢትዮጵያ ጉዞ በተገኘው ስብስብ ውስጥ ሎክሶሴሌስ ከሚባለው ወገን አንድ ዝርያ ለይቷል። የዚህ ወገን ዘመዶች በአሜሪካ አህጉር ቆዳን በሚያቈስል ንክሻቸው የታወቁ ናቸው። የጥቁር መበለት ዘመድ የሆነችው ቡናማዋ መበለትም በአፍሪካ በሰፊው ትገኛለች፤ ንክሻዋ ከእኅቷ ንክሻ የቀለለ ነው። ስለዚህ መርዘኛ ሸረሪት በአገራችን የለም የሚል ካለ እውነት አልተናገረም።

ነገር ግን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው ብርዳማ ከተማ፣ ይህ ጸሐፊ በሥራ ምክንያት ገብቶ ባያቸው የመርካቶ መጸዳጃ ቤቶች ማዕዘኑን ይዛ የምትገኘው ሌላ ናት። እግሮቿ እንደ ፀጉር የቀጠኑና የረዘሙ፣ አካሏ ትንሽ፣ ሲነኳት በድሯ ላይ የምትወዛወዝ ሸረሪት ናት። ሰውን የምትጎዳ አይደለችም።

ሕዝባችን ከሸረሪት ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ ከፍርሃት ብቻ የተሠራ አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ አንድነትን በእርስዋ ሥራ መስሏል፤ ጣቱን ቢላ የቈረጠው ሰውም ድሯን ከግድግዳ ወስዶ ደም ለማቆም ይለጥፍ ነበር። ክሱ የሚመጣው ‹አልማዝ ባለጭራ› በሚባለው ሕመም በኩል ነው። ይህ ሕመም በሰውነት አንድ ወገን ብቻ እንደ መቀነት ወይም እንደ ጭራ ተስቦ የሚወጣ፣ እንደ እሳት የሚለበልብና ውሃ የሚቋጥር ቍስል ነው። ሸረሪት ስትሄድበት ወይም ስትሸናበት የወጣ ነው ሲባል በየሠፈሩ ይሰማል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱን ግን ምክንያቱ በልጅነት ጉድፍ ያወጣው ቫይረስ ነው። ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ ከነርቭ ሥር ውስጥ ተደብቆ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል፤ የሰውነት የመከላከል ኀይል በዕድሜ ወይም በሌላ በሽታ ሲደክም ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ይወጣል። ጭራ የሚመስለውም የነርቩ መሥመር ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። ይህ ሕመም የታችኛውን የጀርባ አጥንት ነርቭ በያዘ ጊዜ ቍስሉ የሚወጣው በመቀመጫ ላይ ነው። አንድ ነጋዴ ትናንት በገበያው ሽንት ቤት ገብቶ ዛሬ በመቀመጫው ላይ የሚያቃጥል ቍስል ቢያይ፣ ከማዕዘኑ ያያትን ሸረሪት ቢያስታውስ ምን ያስደንቃል? ሁለቱን የሚያገናኘው ጊዜ ብቻ ቢሆንም ለታማሚው እንደ ማስረጃ ይቈጠራል። ሌላም ከባድ ምክንያት ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. ወረርሽኝ በከተሞቻችን ሲበረታ፣ የመከላከል አቅሙ የደከመ ወጣት ይህን ሕመም መታመሙ ስለበዛ፣ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ሁሉ በጎረቤት ዓይን ይመዘን ጀመር። በዚያ ዘመን ‹የገበያው ሽንት ቤት ሸረሪት ነው› ማለት ሰውን ከሐሜት የሚያድን መልስ ነበር። ሐሜቱን ሸሽቶ ከምርመራና ከመድኀኒት የራቀው ሰው ግን ያቺ ንጹሕ ሸረሪት ካመጣችበት ይልቅ እርስዋን ሰበብ ማድረጉ ያመጣበት ጕዳት ይበልጣል።

ሸረሪትን ያለ ጥፋቷ መክሰስ የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ ኢጣልያ በታራንቶ አካባቢ ለዘመናት ታራንቱላ የምትባለው ትልቅ ሸረሪት የነከሰችው ሰው በሙዚቃና በጭፈራ ካልሆነ አይድንም ይባል ነበር፤ የሜዳው አጫጆች ግን በእውነት የሚታመሙት በሌላዋ፣ በአነስተኛዋ የጥቁር መበለት ዘመድ ነበር። ትልቋና ጠጕራሟ በመልኳ ተፈረደባት። (ጀርመናዊው ሐኪም ሄከር እ.ኤ.አ. በ1832 ስለ ጭፈራ በሽታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከዚህ ጋር አነጻጽሮ የትግራይን ‹ትግረትየር› ማንሣቱ ለታሪክ ወዳጆች የሚገርም ነው፤ እዚያ ግን ሸረሪት የለችበትም።)

ወደ መርካቶ ስንመጣ ነገሩ የሙያችን ይሆናል። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈዩበት የወረራ ዘመን ነጭንና ጥቍርን ለመለየት ባወጡት የከተማ ዕቅድ መሠረት የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር አደረጉ። መርካቶ የሚለው የኢጣልያንኛ ስምና አዲስ ከተማ የሚለው የሠፈር ስም የዚያ ዘመን ቅርስ ናቸው። መንገዱ በገመድ ተለክቶ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ቦታው በቁራሽ በቁራሽ ተከፋፈለ። ከመሬት በታች ግን ከገበያው ሕዝብ ጋር የሚመጣጠን የፍሳሽ መስመር አልተዘረጋም። የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰው በየጓሮው በቈፈረው ጉድጓድ ተወጣ።

ከዚያ በኋላ የመጣውም መንግሥት ይህን ወርሶ ቀጠለ። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1963 ዓ.ም. ነው፤ በቃሊቲ የተሠራው የከተማዋ የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በመካከሉ በ1967 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የተወረሱት ቤቶች በቀበሌ ሥር ሲገቡ፣ በአዲስ ከተማ አንድ የጓሮ ጉድጓድ ብዙ ቤተሰብ የሚጋራው የጋራ ሽንት ቤት ሆነ። የግል ሳለ ባለቤቱ ያስጠርገው የነበረው ሽንት ቤት የሁሉ በሆነ ጊዜ ጠራጊ አጣ። ጉድጓዱ ሲሞላ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና እስኪመጣ ይጠበቃል፤ መኪናው ቢመጣም በመርካቶ ጠባብ መተላለፊያ ቱቦውን ለመዘርጋት የሚገጥመውን ችግር ያየ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ የእኛ ጉድጓድ ከአሜሪካው በአንድ ነገር ይለያል፤ ለሸረሪት ጉዳይ ቁልፉም እርሱ ነው። የእኛ ሰው ቍጢጥ ይላል እንጂ አይቀመጥም። ቀዳዳው በወለሉ ሶሌታ ላይ ነው፤ ገላ ከእንጨት ጋር አይገናኝም፤ ከመቀመጫ ሥር የሚባል ጨለማ ሣጥንም የለም። ጥቁር መበለት በአላባማ ሰው የነከሰችበት የቦታ አቀማመጥ በመርካቶ ቍጢጥ ማያ ላይ አይገኝም። አንዲት መርዘኛ ሸረሪት ከቆላ በሚመጣ ጭነት ተሳፍራ አውቶቡስ ተራ ብትወርድና ወደ ሽንት ቤቱ ብትገባ እንኳ፣ ድሯን ከሰው ገላ መንገድ ላይ ለመዘርጋት የሚያስገድዳት አሠራር አታገኝም። ይህን የምለው መቀመጫ ያላቸው መጸዳጃዎች በዘመናዊነት ስም በጉድጓድ ላይ ሲተከሉ ስለማይ ነው። በውሃ ሲፎን ላይ የተተከለ መቀመጫ አንድ ነገር ነው፤ በደረቅ ጉድጓድ ላይ የተተከለ መቀመጫ ግን የ1926ቱን የሎስ አንጀለስ ሽንት ቤት መልሶ መሥራት ነው።

ለጉድጓድ ሽንት ቤት ታላቁ መሻሻል የመጣው ከአፍሪካ ነው። በዛሬይቱ ዚምባብዌ፣ በያኔዋ ሮዴዥያ፣ በብሌር የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ፒተር ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1973 የአየር ማስወጫ ቧንቧ ያለውን የጉድጓድ ሽንት ቤት ነደፈ። (ተቋሙ የተሰየመበት ብሌር ከላይ የተጠቀሰው የአላባማው መምህር አይደለም።) ንድፉ የተመሠረተው በዝንብ ጠባይ ላይ ነው። ነፋስ በቧንቧው አፍ ላይ ሲያልፍ የጉድጓዱን አየር ወደ ላይ ይስበዋል፤ ንጹሕ አየር በቀዳዳው ወደ ታች ይገባል፤ ሽታውም ክፍሉን ትቶ በቧንቧው ይወጣል። ክፍሉ ጨለም እንዲል ስለሚደረግ በጉድጓዱ የተፈለፈለው ዝንብ የሚያየው ብርሃን የቧንቧው አፍ ብቻ ነው። ወደዚያ ይወጣል፤ ከላይ በተወጠረው ወንፊት ተይዞ ይሞታል። ሞርጋን በ78 ቀን ውስጥ ቧንቧ ከሌለው ሽንት ቤት 13,953 ዝንቦች፣ ቧንቧ ካለው ደግሞ 146 ብቻ ቈጥሯል። ይህን ቍጥር ባሰብሁ ጊዜ ሁሉ ያን ሁሉ ዝንብ አንድ በአንድ የቈጠረውን ሰው ትዕግሥት አደንቃለሁ። ሞርጋን በ2013 እ.ኤ.አ. የስቶክሆልም የውሃ ሽልማት ተሰጥቶታል።

በዚህ አሠራር የቧንቧው ወርድ 150 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጫፉ ከጣሪያው በላይ 50 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። መጀመሪያ ላይ አየሩን የሚስበው የፀሐይ ሙቀት ነው ተብሎ ቧንቧው ጥቍር ይቀባ ነበር፤ ቤቨርሊ ራየንና ዳንከን ማራ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጥናት ግን ዋናው ሠራተኛ ነፋሱ መሆኑ ታወቀ። በመርካቶ ይህ ትልቅ ትርጕም አለው። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በከበበው ጓሮ ውስጥ የተተከለ አጭር ቧንቧ ነፋስ አያገኝም፤ ቧንቧ የሚመስል ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ሸረሪቷ ተመልሳ ትመጣለች፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚጎዳው የሰው ገላ ሳይሆን የአየሩ መንገድ ነው። ዝንብ ሁሉ በአንድ ቧንቧ እንዲያልፍ ካደረግህ ሸረሪት ድሯን የምትዘረጋበትን ቦታ መርጠህ ሰጠሃት ማለት ነው። ድሩ በድር ላይ ይደራረባል፤ የሞቱ ዝንቦች ይጠራቀሙበታል፤ አቧራ ይጣበቅበታል፤ የአየሩም ፍሰት ይደክማል። የአየሩ ፍሰት ሲደክም ሽታው ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ዝንቡም ሽታውን ተከትሎ በቀዳዳው ይገባል። በዚህም ምክንያት የአሠራሩ መመሪያዎች በዓመት አንድ ጊዜ ከላይ ውሃ አፍስሶ ቧንቧውን ማጠብን ያዝዛሉ። የአንድ ባልዲ ውሃ ሥራ ነው።

አንድ ጊዜ ለጥገና ጥናት በገባሁበት አንድ የገበያ መጸዳጃ ቤት የጠባቂነት ሥራ የያዙ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት አገኘሁ። ወለሉ ታጥቧል፤ ግድግዳው በኖራ ነጥቷል፤ ማዕዘኑ ግን ድር በድር ነው። ‹እትዬ፣ ይኼን ለምን አይጠርጉትም?› ብዬ ብጠይቃቸው በትዕግሥት አስረዱኝ። ድሩን የተዉት አውቀው ነው፤ ዝንብ ይይዝላቸዋል። ደንበኛ ሲፈራና ሲያጉረመርም ከደጅ በኩል ያለውን ጠርገው የውስጠኛውን ይተዉታል። ወደ ጣሪያው አመልክቼ ስለ ቧንቧው ስጠይቃቸው ‹ልጄ፣ እሱ ላይ ማን ይወጣል?› አሉኝ። ማዕዘን ያለው ድር ይጠቅማል፤ ቧንቧ ውስጥ ያለው ይጎዳል። እርሳቸው የመጀመሪያውን ያለ ትምህርት ደርሰውበታል፤ ሁለተኛውን የነደፈው መሐንዲስ ግን መሰላል አላዘጋጀላቸውም።

የጨለማውም ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ዝንቡ ወደ ቧንቧው እንዲሄድ ክፍሉ ጨለም ማለት አለበት። ሸረሪት የሚፈራው ሰው ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል። ልጅ ጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን አይገባም፤ እናቲቱም ገበያዋን ትታ አብራው ካልገባች ከአጥር ሥር ያስቀምጠዋል። ከአጥር ሥር የቀረው ነገር በዝንብ እግርና በዝናብ ጐርፍ ወደ ጉሊቱ ቲማቲምና ወደ ሻይ ቤቱ ስኒ ይመለሳል። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በ2001 እና በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከሠተ ጊዜ የሰውን ሕይወት ያሰጋው መርዝ በዚህ መንገድ የሚጓዝ ነው። ከዚያ ሁሉ ጥፋት ውስጥ ሸረሪቷ ድርሻ የላትም፤ ልጁን ከደጅ የመለሰው የእርስዋ ፍርሃት ግን ድርሻ አለው። እንግዲህ ይህን ፍርሃት ‹የመሃይም ወሬ› ብሎ መተው ለአንድ ነዳፊ የሚገባ ሥራ አይደለም።

በውሃ ሲፎን የሚሠራው ቍጢጥ ማያ ይህን ቅራኔ ይፈታዋል። በሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ውሃ ዝንብንም ሽታንም ስለሚያግድ ክፍሉ የፈለገውን ያህል ብርሃን ሊያገኝ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ለማፍሰስም ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ ይበቃዋል። ሆኖም የከተማዋ ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት አካባቢ ታንከር ከሌለው ይህም ውሃው በጠፋ በሦስተኛው ቀን ይደፈናል። ታንከር ለማቆም ቦታ ያስፈልጋል፤ በመርካቶ የአንድ ታንከር ቦታ የአንድ ሱቅ ቦታ ነው። ስለዚህ በብዙ ሥፍራ ቧንቧ ያለው ጉድጓድ ገና ለረጅም ጊዜ አብሮን ይኖራል።

እንዲህ ከሆነ መደረግ የሚችለው ይታወቃል። በር ከፍ ብሎ በላዩ ላይ ጠባብ ክፍተት ቢተው፣ ግድግዳው ከውስጥ በየጊዜው ኖራ ቢቀባ፣ ቀዳዳው ላይ ብርሃን በቀጥታ ሳይወድቅ ሰው ማዕዘኑን ማየት ይችላል። አምፖል ካለም ከበሩ ውጭ ቢሰቀል ማታ የሚበረው ነፍሳት ወደ ውጭ ይሰበሰባል፤ ሸረሪቷም ሲሳይዋን ተከትላ ትወጣለች። የወንፊቱ ሽቦ ተራ ብረት ከሆነ የጉድጓዱ አየር በአጭር ጊዜ ይበላዋል፤ የማይዝገው ቢገዛ የዋጋው ልዩነት ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ አይበልጥም። ከቧንቧው ጫፍ ደግሞ የሚነሣ ክዳንና ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የብረት መሰላል ያስፈልጋል። በእጄ ባለፉት የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር ውስጥ ቧንቧው በሜትር ተለክቶ፣ ወንፊቱ በቍጥር ተጽፎ፣ ቀለሙ በካሬ ሜትር ተሰልቶ አይቻለሁ። መሰላል የተጻፈበት አንድም አላገኘሁም።